«አጉላ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ጠራቢ አያደርግም

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይኼ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ታገሡኝ፤ ነገሩ የብዙዎቻችሁን እንጀራ ይነካል።

በየእንጨት ሥራ ቤቱ፣ እዚህ ሐይቅም ደሴም ኮምቦልቻም፣ አንድ ወሬ እሰማለሁ። «ሲኤንሲ ከገባ ጠራቢ ምን ያደርጋል? አንድ የእጅ መስቀል ስካን ታደርጋለህ፣ ኮምፒውተር ላይ አሥር እጥፍ ታጎላዋለህ፣ ማሽኑ ሲቀርጽ ያድራል፣ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን በር ታስረክባለህ።» ወሬ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ዕድሜውን መሮ ይዞ የኖረ ሰው «አንተ ከእንግዲህ ብርጭቆ ወረቀት ብቻ አሽ» ሲባል አይቻለሁ። ቤቱን አልጠራም፤ አንድ ቤት ብቻ አይደለምና።

ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ፦ ማሽኑን አልጠላም። አሥር በር ላይ አንድ ዓይነት ጠርዝ ለማውጣት ወገቡን ሲሰብር የኖረ ሰው ማሽኑን ቢወደው አልፈርድበትም። የምቃወመው «ማጉላት በቃ፣ ጠራቢ አያስፈልግም» የሚለውን ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ደግሞ በስሜት ሳይሆን በሚሊ ሜትር ላሳያችሁ።

ሁላችሁም ከምታውቁት ዕቃ እንነሳ፤ ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር። ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ምስሉ ከመደቡ ከፍ የሚለው ለጣት እንኳ በጭንቅ ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንበል። 40 ሳንቲ ሜትር እናድርገው፣ አሥር እጥፍ። ከፍታው 5 ሚሊ ሜትር ሆነ። እስከዚህ ደስ ይላል። ግን ስካነሩ በ0.05 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ ያቺ በዓይን የማትታይ ስሕተት እንጨቱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጉብታ ሆና ትወጣለች። ስንት ኪስና ስንት እጅ ያለፈበት ብር ጫጭሮሽም አብሮ ይጎላል። ያለቀው አፍንጫ አልቆ ይጎላል። ኮምፒውተሩ የጠራቢውን ሐሳብና የገበያውን ጭረት አይለይም፤ ለሱ ሁሉም ቁጥር ነው።

ገንዘብ ቀራጮች ይኼን ከእኛ በፊት ያውቁ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ገንዘብ ቤቶች ሲሠሩ ቀራጩ ምስሉን በመጀመሪያ በሸክላ ጭቃና በጀሶ ትልቅ አድርጎ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የመቀነሻ ማሽን፣ ለምሳሌ ፈረንሳዊው ዣንቪየር የሠራው ዓይነት፣ ትልቁን እየዳሰሰ ትንሹን ብረት ላይ የሚቀርጸው። ከትልቅ ወደ ትንሽ! ሲያንስ ስሕተትም አብሮ ያንሳል። እኛ ግን ተገልብጠን ከትንሽ ወደ ትልቅ እየሄድን ነው። ትንሹ ላይ ያልነበረ ነገር ትልቁ ላይ ከየት ይመጣል? አንድ ሰው ካልጨመረው አይመጣም። ያ ሰው ጠራቢው ነው።

አሁን ወደ መስቀሉ እንምጣ። 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእጅ መስቀል አስቡ። አሥር እጥፍ ሲሆን ስፋቱ 80፣ ውፍረቱ 6 ሳንቲ ሜትር። የበሩ ሳንቃ ግን 4 ሳንቲ ሜትር ነው! ስለዚህ ከፍታውን መጫን ግድ ነው። ሁሉን እኩል ስትጫኑት ደግሞ ቀጫጭኑ ሐረግ ይሞታል፣ ወፍራሙ ክንድ ብቻ ይቀራል። የትኛው መስመር ይጠልቃል፣ የትኛው ይቀራል? ይኼን የሚወስነው ሶፍትዌሩ አይደለም። መስቀሉ እጅ ላይ እየተገላበጠ እንዲታይ ተሠርቷል፤ በሩ ግን ቆሞ፣ ከሦስት ሜትር ርቀት፣ ፀሐይ ከአንድ ጎን እየመታው ነው የሚታየው። ጥላው የት እንደሚወድቅ የሚያውቅ በር ጠርቦ የሚያውቅ ሰው ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ስካነር የሌላቸው ቤቶች ፎቶ ያነሳሉ፣ ጥቁርና ነጭ ያደርጉታል፣ ከዚያ «ነጩ ከፍታ፣ ጥቁሩ ጉድጓድ» ብለው ለማሽኑ ይሰጡታል። ኧረ በፈጠራችሁ! መስቀሉን ያጠቆረው እኮ የጧፍ ጢስና የእጅ ወዝ ነው። የመቶ ዓመት መሳለም የተወው ጥቁረት በር ላይ ጉድጓድ ሆኖ ይቀረጻል ማለት ነው። ይኼን ሠርቶ «የጥንቱ ቅጂ» ብሎ መሸጥ ነውር ነው።

እንጨቱስ? ናሱ ወደየትም አቅጣጫ እኩል ይጠነክራል፤ ዋንዛና ጥድ ግን የራሳቸው አሰር አላቸው። ሐረጉ አሰሩን አቋርጦ ከቀጠነ በመጀመሪያው ክረምት ይሰነጠቃል። የማሽኑም ቢት ክብ ጫፍ አለው፤ 3 ሚሊ ሜትር ቢት ሹል ማዕዘን አያወጣም፤ ማዕዘኑን የሚጨርሰው መሮ ነው። እና «አያስፈልግም» ያላችሁት ሰውዬ ከፋይሉ በፊትም ከማሽኑ በኋላም ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል ደግሞ «ማሽን የነካው ነገር ሁሉ እርም ነው» የምትሉኝ ወዳጆች አላችሁ። በዚህም አልስማማም። ሐይቅ እስጢፋኖስን አስቡ። ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲያስጽፍ፣ ሲያስገለብጥ፣ ሲያስተምር የኖረ ቦታ ነው። መገልበጥ እዚያ ነውር ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን ገልባጩ የሚገለብጠውን ያነብ ነበር። እኔም የምለው ይኼንኑ ነው፦ ስካን አድራጊው የሚያየውን ያንብብ።

ስካን ማድረግ ራሱ መልካም መሆኑን አንድ ነገር ይመሰክራል። ሴት ተማሪዎቼ የወንዶቹ ገዳም ውስጥ መግባት አይችሉም፤ ሥርዓቱ ነው፣ እናከብራለን። ግን እጃቸው ከብዙ ወንዶች የሚበልጥ ጠራቢዎች ከመካከላቸው አሉ። አበው ፈቅደው በአግባቡ የተወሰደ ስካን ቢኖር፣ የመስቀሉን ሐረግ እያዞሩ፣ ጥልቀቱን እየለኩ መማር ይችሉ ነበር።

«በአግባቡ» ያልኩትን ልዘርዝር፤ አርአያው እዚሁ አለና። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ሥራው ቤተ ክርስቲያኒቱ ያለችበት ነበር፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ተሰጠው። የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ቁጥር 1832 ነው። ፊልሙን አሜሪካን አገር ሚኒሶታ ድረስ የሚያጠኑት አሉ፤ ብራናው የሐይቅ ነው። መስቀልም እንደዚሁ ይሁን፦ በፈቃድ፣ በቁጥር፣ አንድ ቅጂ ለባለቤቱ። በድብቅ በስልክ አንስቶ ለገበያ ፋይል መሸጥ ሌላ ስም አለው። ደግሞ የሚያብረቀርቅ ናስ ለስካን እንዲመች ዱቄት የሚረጩ አሉ። ዎርክሾፕ ውስጥ ላለ የብረት ዕቃ ይሁን፤ በቅዱስ ንዋይ ላይ ግን አይሞከርም!

ባለ ወርክሾፖች፣ የምጠይቃችሁ ይኼን ነው። ማሽኑን ግዙ፣ ግን ጠራቢውን ከብርጭቆ ወረቀቱ አንሡና ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጡት። ሶፍትዌሩን ጥቂት ወር ቢማረው ይበቃዋል፤ የሱን ዓይን ግን ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጅ በጥቂት ወር አያገኘውም። ሁለቱን አጣምሯቸው። ደመወዙንም እንደ ቀራጭ ክፈሉት።

የበር ሥራ የምታዘዙ የሰበካ ጉባኤ አባላትም፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይኼን ፋይል ያስተካከለው ጠራቢ ማን ነው? ጥሩልንና እናነጋግረው።» ስም ካልተጠራላችሁ ቀብዱን ያዙት።

እናንተ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ አሁን በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ የምታዩትን ከታች ጻፉልኝ። የተሳሳትኩበት ካለ በሚሊ ሜትር አርሙኝ፤ እንደ ድሮው ማርክ አልቀንስም።