ማዳበሪያው ወጥቶ ጤፉ ሲገባ

ቅዳሜ ጠዋት ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ገብቼ ኮረብታውን ወጣሁት። 705 ሔክታር ነው፤ ባሕር ዛፉ እየተነሣ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ እየተተካ ነው። ጸጥታው ግን ምሉዕ አይደለም። ከወደ ምሥራቅ፣ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ጉርምርምታ ይሰማል።

ይህ ሸንተረር ውኃ ከፋይ ነው። ወዲህ የወረደው ዝናብ አዋሽ ይገባል፣ ወዲያ የወረደው በሙገር አድርጎ አባይ። አይሱዙዎቹም የሚመጡት ከዚያው ከአባይ ማዶ ነው፤ ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከደብረ ማርቆስ። መራገፊያቸው እህል በረንዳ ነው።

በዚህ መስመር የሚሠራ ሹፌር ዘመድ አለኝ። ጤፍ ጭኖ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ በከባድ ማርሽ ነው፤ ፍሬን ከሸተተ ዳር ይዞ ማቀዝቀዝ ነው። መኪናው ሳይቆም ረዳቱ ታኮውን ታቅፎ ይዘላል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው፣ ጃፓኖች ከአሮጌው ድልድይ ጎን የሠሩት የሕዳሴ ድልድይ ወንዙን አቃለለ እንጂ የጎሐ ጽዮንን ዳገት አላስቀረም።

እኛ ግን ጤፍ በተወደደ ቁጥር ወይ «ነጋዴው ደበቀው» እንላለን፣ ወይ «ገበሬው ጠገበ»። መንገዱን የሚያነሣ የለም። ብናነሣውም ወደ እኛ የሚመጣበትን ብቻ ነው። ጤፉ የሚታሰርበትን ከረጢት ግን ምን እንደምንለው እንስማ፦ «ማዳበሪያ»! መጀመሪያ በዚሁ መንገድ ዩሪያ ይዞ ወደ ጎጃም ወጥቶ ነበራ። በ2015 ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬ «ማዳበሪያ ዘገየብን» ብሎ አደባባይ ሲወጣ፣ ከተሜው የሩቅ ወሬ አድርጎ ሰማው። ለኔ የዚያ ዓመት የእንጀራችን ወሬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግጭት፣ የተዘጋ መንገድ፣ የታገተ ሹፌር፣ በየኬላው የሚከፈል። ይህ ሁሉ ኩንታሉ ላይ ይታሰባል፤ ገበሬው ኪስ ግን አይገባም። የጤፍን ዋጋ በገበያ ቁጥጥር እናወርዳለን የሚሉ ስብሰባዎች አንድ ቀን እንኳ አንድ የጎጃም መስመር ሹፌር ቢጠሩ ደስ ይለኝ ነበር።

የኔው ሹፌር ባለፈው ሳምንት ደጀን አድሮ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እናንተ ከተማ ናችሁና፣ መንገዱ ነገ ይከፈታል ይላሉ?» አለኝ። መንገዱ ላይ ያለው እሱ፣ የሚጠየቀው እኔ!