የቀጥቃጩ ሽርጥ እና የነገሥታቱ አንበሳ

የፋርስ ነገሥታት ሰንደቅ ዓላማ በተወሳ ቁጥር አንድ የተለመደ አባባል ተከትሎ ይመጣል። ሰይፍ የጨበጠው አንበሳና ከጀርባው የምትወጣው ፀሐይ ከቂሮስ ጀምሮ ለሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመታት ሳይቋረጡ የዙፋኑ ምልክት ሆነው ኖረዋል ይባላል። የዘውድ አወዳሾች ይህን ሲደጋግሙት ኖሩ፤ የዘውድ ጠላቶችም ሳይመረምሩ ተቀበሉት። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውም የሥዕሉን እውነተኛ ባለቤቶች ከታሪክ ያስወጣ ስሕተት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሪካዊው ዜኖፎን የፋርሱ ንጉሥ ዓርማ በረጅም ዘንግ ላይ ክንፉን የዘረጋ የወርቅ ንስር እንደነበረ ጽፏል። በፐርሴፖሊስ ፍርስራሽ ውስጥ የተገኘችው ትንሽ ሰማያዊ ሰሌዳ የምታሳየውም ወፍ ነው። በዚያው በፐርሴፖሊስ ደረጃዎች ላይ አንበሳ በብዛት ተቀርጿል፤ ሆኖም በሬ ሲሰብር ይታያል እንጂ ፀሐይ ተሸክሞ አይታይም። አንበሳና ፀሐይ ባንድነት ጎልተው የተገኙት ቂሮስ ከሞተ ከአሥራ ሰባት ምዕት ዓመት በኋላ፣ ያውም በዛሬዋ ቱርክ ምድር፣ የሴልጁኩ ሱልጣን ዳግማዊ ካይኹስረው በ1240ዎቹ መጀመሪያ ባስመታው የብር ገንዘብ ላይ ነው። ምንጩም የኮከብ ቆጠራ ነው፤ በዚያ ትምህርት መሠረት የፀሐይ ቤቷ አሰድ፣ ማለትም አንበሳ ነውና። አውደ ነገሥትን የገለጠ አንባቢ ይህን ስም ለይቶ ያውቀዋል። የሶርያው ታሪክ ጸሐፊ ባር ሄብራዩስ ግን ሱልጣኑ የጆርጂያ ተወላጅ የሆነችውን ሚስቱን መልክ በገንዘቡ ላይ ሊያስቀርጽ ፈልጎ፣ አማካሪዎቹ ስላልወደዱለት ፀሐይዋ የእርሷ ምሳሌ እንድትሆን መደረጉን ይተርካል። ተረትም ቢሆን ከሁለት ሺህ አምስት መቶው ዓመት ተረት ይሻላል።

እንግዲህ ጥንታዊ ሰንደቅ ለሚፈልግ ሰው ፋርስ ሌላ አላት፤ ዙፋኑ ግን ትርጉሙን ለማድበስበስ ብዙ ደክሟል። ፊርዶውሲ በ1010 ገደማ በፈጸመው በሻህናሜ እንደተተረከው፣ ከትከሻው የበቀሉትን እባቦች የሰው አንጎል ይቀልብ የነበረው ጨቋኙ ዘሃክ የካቬን ልጆች በየተራ ፈጅቶ አንድ ሲቀረው፣ ብረት ቀጥቃጩ ካቬ በአደባባይ ጮኸ፤ የሥራ ሽርጡን፣ በፍም የተለበለበውን ቆዳ፣ ከጦር ጫፍ ላይ ሰቅሎ ሕዝቡን አስነሣ። የካቬ ሰንደቅ የተባለው ይህ ነው። ቀጥቃጩን ቡዳ እያለ ሲያርቀው በኖረ አገር ያደገ አንባቢ የዚህን ትርጉም ከማንም ይልቅ ይረዳዋል፤ የተናቀው የባለ እጅ ልብስ የአገር ሰንደቅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የነገሥታት ጥበብ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ድል ያገኘው ፈሪዱን ቆዳውን በሐርና በዕንቁ አስጌጠው፤ ከርሱ በኋላ ዘውድ የጫነ ሁሉ አንድ አንድ ዕንቁ ጨመረበት። ቆዳው ከጌጡ ሥር ተቀበረ። የሳሳኒያን ጦር በ630ዎቹ በቃዲሲያ ሲሸነፍ ሰንደቁ ተማረከ፤ አል ጠበሪ እንደመዘገበው ማራኪው 30,000 ዲርሃም ሲሰጠው ዋጋው ግን 1,200,000 ነበር። ዕንቁው ተነቅሎ ቀሪው እንደተቃጠለ ሌሎች ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ካቬ በሥጋ ኖሮ ይሁን አይሁን ቁም ነገሩ እዚያ ላይ አይደለም፤ ሕዝቡ ሰንደቁ ከማን ገላ እንደተወሰደ አለመርሳቱ ላይ ነው።

የአንበሳውም ዕጣ ተመሳሳይ ሆነ። የቃጃሩ ፈትህ አሊ ሻህ በ1808 የውጭ አገር ሹማምንትን የሚሸልምበት ኒሻን አደረገው። በመሐመድ ሻህ ዘመን (1834–1848) አንበሳው ሰይፍ ጨብጦ እንዲቆም ተደረገ፤ አንበሳው አሊን፣ ሰይፉም የአሊን ዙልፊቃር ያመለክታሉ ተባለ። በዚህ ሁሉ መካከል የእጅ ባለሙያው የራሱን ሥዕል አልተወም። በሸክላ ጡብና በምንጣፍ ላይ ፀሐይዋን ቅንድቧ የገጠመ፣ ዓይኗ የተኳለ ሴት አድርጎ ይሥላት ነበር፤ ሕዝቡም ወይዘሮ ፀሐይ ይላታል። ፓህላቪዎች ሲመጡ ያን ፊት ከሰንደቁ ላይ ፋቁት። ዘመናዊነት ነው ተባለ! ለራሳቸው ደግሞ በ1932 አንበሳውን፣ ባለ ክንፉን ፋራቫሃር፣ ዙልፊቃርንና ሲሙርግ የተባለውን ወፍ በአንድ ጋሻ ላይ አጭቀው፣ መካከሉ ላይ የደማቫንድን ተራራ ተክለው የቤተ መንግሥት ዓርማ ሠሩ። ሥርወ መንግሥቱ ሰባት ዓመት ብቻ ቢሆነውም ዓርማው የሁሉንም ዘመን ርስት ጠቀለለ።

በጥቅምት 1971 በፐርሴፖሊስ የተደረገው ድግስ የዚህ ጥቅለላ ጫፍ ነበር። ራሳቸው በአንበሳ ዓርማ ይገዙ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም ከእንግዶቹ መካከል ነበሩ። ድንኳኑም ምግቡም ከፓሪስ መጣ። በ1976 የአገሪቱ የዘመን አቆጣጠር ሳይቀር ከቂሮስ እንዲጀምር ታዘዘ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በ1978 ተሻረ። እውነተኛው የኢራን አንበሳ ግን በ1940ዎቹ፣ ዓርማው በየወታደሩ ቁልፍ ላይ ሲያብለጨልጭ፣ ከአገሩ ምድር ጠፍቶ ነበር፤ ለዚህኛው ድግስ የደገሰለት የለም።

ከ1979 አብዮት በኋላ አዲሱ መንግሥት የሻሁን ቃል እንዳለ አመነ፤ አንበሳው የዙፋኑ ከሆነ ከዙፋኑ ጋር ይሂድ አለ። በሐምሌ 1980 በቦታው አላህ የሚለውን ስም የሚሠሩ አራት ጨረቃዎችና አንድ ሰይፍ ገቡ፤ በቀለማቱ ጠርዝም አላሁ አክበር 22 ጊዜ ተጻፈ። በ1929ኙ የጄኔቫ ስምምነት ከቀይ መስቀል ጎን የታወቀው ቀይ አንበሳና ፀሐይ እንኳ፣ ቁስለኛን ከማንሣት በቀር በደል ሳይገኝበት፣ በዚያው ዓመት በቀይ ጨረቃ ተተካ።

አንበሳውን በአረንጓዴ፣ በነጭና በቀይ ላይ በሕግ ያስቀመጠው ግን የ1907ቱ የሕገ መንግሥት ማሟያ አምስተኛ አንቀጽ ነው። ያ ሰነድ የሻሁን ሥልጣን ለመገደብ የታገሉ ሰዎች ሥራ ነው፤ መሐመድ አሊ ሻህ በ1908 ምክር ቤቱን በመድፍ የደበደበው እንዲህ ያለውን ገደብ ጠልቶ ነው። ዛሬ ከኢራን ውጭ ባሉ ሰልፎች ላይ አንበሳውን የሚይዙ ብዙዎች ናቸው፤ ከበላዩ ዘውድ ያለበትም አለ፣ የሌለበትም አለ። አምስተኛው አንቀጽ ስለ ዘውድ አንድ ቃል አልጻፈም።