ሎሚው የሚያታልለው ምላስን ነው
ቢቸና አረቄ ከእህል፣ ከብቅልና ከጌሾ በቤት ይወጣል። ሜክሲኮዎች ተኪላን የሚያወጡት ከአጋቬ፣ ማለትም ከቃጫ ወገን ከሆነ ተክል ነው፤ የሎሚ ጭማቂ ጨምረውም ማርጋሪታ ይሉታል። የእኛም አረቄ ሎሚ ሲጨመቅበት ይለዝባል የሚል ወጣት ቢኖር፣ እኛ አንስማማም። የሎሚው ሲትሪክ አሲድና የስኳሩ ጣዕም የአልኮሉን ማቃጠል ከምላስ ይሸሽጋሉ እንጂ አልኮሉን አይቀንሱም። አልኮሉ 40 በመቶ በሆነ 30 ሚሊ ሊትር መጠጥ ውስጥ 9.5 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ፤ ሎሚ ቢጨመርበትም ያው ነው። የቤት አረቄ ደግሞ መጠኑ አልተጻፈበትም፤ ከአወጣጥ አወጣጥ ይለያያል። ለመሆኑ ሎሚውን በማርና በውኃ በጥብጠን ብንጠጣው ምን ይቀርብናል? ያ የምንወደው መዓዛ በአብዛኛው ያለው በልጣጩ ዘይት ውስጥ ነው፤ ለመሽተትም አረቄ አይፈልግም።