ማሽኑ የተገዛው ለማን እጅ ነው?

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ዕለት፣ የሃምሳ አምስት ቀኑን ጾም ፈትቼ ዶሮ ወጡን ካጣጣምሁ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ከቀኝ ጎድኔ ሥር የጀመረኝ ሕመም እስከ ትከሻዬ ዘልቆ ሌሊቱን በሙሉ ሲያሠቃየኝ አደረ። ምርመራው የሐሞት ጠጠር መሆኑን አሳየ። ከሦስት ሳምንት በኋላም ሐሞት ከረጢቴ በአራት ትንንሽ ቀዳዳዎች በኩል ወጣልኝ፤ በማግስቱ በእግሬ ሄጄ ቤቴ ገባሁ። እናቴ በዚሁ ሕመም ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት እኔ ተማሪ ነበርሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ከስንዝር የሚበልጠው ጠባሳዋም እስከ ዛሬ አብሯት አለ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የመጣው ለውጥ የሚያስገርም ነው።

ይህን ጽሑፍ ያሰብሁትም ለምስጋና ነበር። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ያከሙኝ ሐኪም ናቸው።

ለቁስሉ ክትትል በተመለስሁ ጊዜ ሐኪሟ የመድኃኒት ማዘዣ ሲጽፉ እስክሪብቶውን በአመልካችና በመሐል ጣታቸው መካከል ይዘው አየሁ። አውራ ጣታቸው ሥራ ፈትቷል። «ዶክተር፣ እጅዎ ምን ሆነ?» ስል ጠየቅሁ። የአውራ ጣታቸው አንድ ጎን ከደነዘዘ ወራት መቆጠራቸውን፣ ብዙ ቀዶ ሕክምና የሠሩበት ቀን ማታ እንጀራ ለመቁረስ እንኳ እንደሚቸገሩ ነገሩኝ። «የእኔ ጓንት 6 ቁጥር ነው» አሉ፤ «ጓንት በየቁጥሩ ይመጣልናል። የመሣሪያው እጀታ ግን ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።» ቀዶ ሕክምናውን ትተው በማስተማር ብቻ ለመወሰን እያሰቡ መሆናቸውንም አልደበቁኝም።

ይህ ንግግር ከአእምሮዬ አልጠፋም። ይህ ጸሐፊ ኑሮውን የሚገፋው የማሽን ንድፍ በማስተማር ነውና፣ በሐኪሟ ጣት ላይ የደረሰው ነገር የራሱን ሙያ የሚከስ ሆኖ አግኝቶታል።

ነገሩን ላብራራ። በላፓሮስኮፒ ሐኪሙ እጁን ወደ ሆድ አያስገባም። ሆድ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በሚደርስ ግፊት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ቱቦዎች በኩል ካሜራና ረጃጅም መሣሪያዎች ይገባሉ። መሣሪያው የሆድን ግድግዳ ተደግፎ ስለሚንቀሳቀስ እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። ጫፉ የነካው አካል ልስላሴና ጥንካሬም ደብዝዞ ነው ለእጅ የሚደርሰው። እጀታው በአብዛኛው እንደ መቀስ ባለ ሁለት ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ አውራ ጣትን ለሰዓታት ሲጫን በጣቱ ጎን የሚያልፈው ነርቭ ይጎዳል። ይህ ጉዳት ከመለመዱ የተነሣ በሙያው ውስጥ «የላፓሮስኮፒ ሐኪም አውራ ጣት» የሚል ስም ወጥቶለታል።

በዚህ ላይ ሆዱ ተነፍቶ ከፍ ይላል፣ መሣሪያውም ረጅም ነው። ተስማሚው ከፍታ እጀታው ከሐኪሙ ክርን ጋር እኩል የሚሆንበት ነው። ሆድ ተከፍቶ ለሚሠራው ለቀደመው ሕክምና የተነደፉ አልጋዎች ግን የሚፈለገውን ያህል ዝቅ አይሉም። ስለዚህ ቁመቷ አጠር ያለ ሐኪም በርጩማ ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ ላይ ሆና የማቃጠያውን ፔዳል በእግሯ እየዳበሰች ትፈልጋለች። ስክሪኑ ከዓይን ጥቂት ዝቅ ብሎ ፊት ለፊት መቀመጥ ሲገባው በማሽኑ መደርደሪያ አናት ላይ ከተሰቀለ፣ አንገት ቀና እንዳለ ወይም እንደ ዞረ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ኤርጎኖሚክስ የሚባለው ትምህርት የሚመለከተው ይህንን ነው፤ ሥራን ለሰው ልክ መስፋት።

የሙያው ታሪክ አንድ ነገር ያስታውሰናል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጀርመናዊው የማሕፀን ሐኪም ኩርት ዜም ሆድ የሚነፋውን አውቶማቲክ ማሽንና በርካታ መሣሪያዎችን የነደፈው ራሱ ነበር። የአገሩ ልጅ ኤሪክ ሙሄም በ1985 የመጀመሪያውን ሐሞት ከረጢት በዚህ ዘዴ ሲያወጣ የተጠቀመው ራሱ ባሠራው መሣሪያ ነበር። የሙያ ባልደረቦቹ አወገዙት፤ የጀርመን ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር የሸለመው በ1992 ነው። እነዚህ ሰዎች መሣሪያውን ለገዛ እጃቸው አበጁ። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ሙሬ በ1987 በሊዮን ከተማ በቪዲዮ እየታገዘ ከሠራው ቀዶ ሕክምና በኋላ ዘዴው በዓለም ሲዛመት መሣሪያው የፋብሪካ ምርት ሆነ። ፋብሪካ ደግሞ ለአማካይ እጅ ይሠራል። ለመሆኑ ያ አማካይ እጅ የማን ነበር? በዚያ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ክፍሎችን ሞልተው የነበሩት ወንዶች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ለዓይን ብዙ ተደርጎለታል። ሐኪሙ በአንድ ዓይኑ ቱቦ ውስጥ አጮልቆ ያይ ከነበረበት ዘመን ወደ ቪዲዮ ካሜራ፣ ከዚያም ወደ ባለ ሦስት ገጽታና ወደ 4ኬ ምስል ተደርሷል። ኢንዶሲያኒን ግሪን የተባለ ቀለም በደም ሥር ተሰጥቶ በልዩ ብርሃን ሲታይ የሐሞት ቱቦው አብርቶ ይወጣል፤ በስሕተት እንዳይቆረጥም ይረዳል። እጅ ግን ይህን ያህል አልታሰበለትም። በ2004 ታትሞ የወጣና 726 የላፓሮስኮፒ ሐኪሞች የተጠየቁበት ጥናት የጓንታቸው ቁጥር 6½ እና ከዚያ በታች የሆኑት በመሣሪያዎቹ ይበልጥ እንደሚቸገሩ አሳየ። በ2010 በሰሜን አሜሪካ 317 ሐኪሞች በተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ 87 በመቶ የሚሆኑት ከሥራቸው ጋር የተያያዘ የአካል ሕመም ወይም ምቾት ማጣት እንዳለባቸው ተናግረዋል።

ሮቦቱስ? ይባል ይሆናል። በ2000 በአሜሪካ የተፈቀደው ዳ ቪንቺ ሐኪሙን ከበርጩማው አውርዶ አስቀምጦታል፤ የመሣሪያውም ጫፍ እንደ እጅ አንጓ ይታጠፋል። ነገር ግን ዋጋው ከሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ዓመታዊ የጥገና ክፍያ አለው፤ መሣሪያዎቹም ከተወሰነ አገልግሎት በኋላ እንዳይሠሩ በቁጥር ተገድበው ነው የሚሸጡት። የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ወረፋ ሲጠብቅ ለኖረ ሆስፒታል ይህ መልስ ሊሆን አይችልም።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኛው የቤት ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ አዲስ ማሽን ሲተከል ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራውም ማሽኑን ያሳያል። ዓመታዊው ሪፖርት ስንት ማሽን እንደ ተገዛ ይነግረናል፤ ስንት ሐኪም ሳይጎዳ እንደ ሠራበት ግን አይነግረንም። ሐኪሟ የሚሠሩባቸው መሣሪያዎች የተገዙበትን የጨረታ ዝርዝር መግለጫ አሳይተውኛል። ስለ ካሜራው ጥራት፣ ስለ ብርሃን ምንጩ፣ ስለ ጋዝ መንፊያው ዘጠኝ ገጽ ተጽፏል። ስለ እጀታው የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ እርሱም የማይዝግ ብረት መሆን አለበት ይላል። ከሚሠሩበት ሐኪሞችና ነርሶች መካከል አስተያየት የተጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

በ2011 የታተመ ጥናት በ16 አገሮች ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ተመልክቶ ከመቶው 38 ያህሉ ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸውን አረጋግጧል። ይህ የቆመው ማሽን ቁጥር ነው። ማሽኑ እየሠራ ሠሪዋ የምትቆምበትን ጊዜ ማን ይቆጥርልን?

«እናት በምጥ በምትሞትበት አገር ስለ እጀታ ምቾት ታወራለህን?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የላንሴት የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን በ2015 እንዳስታወቀው 5 ቢሊዮን ሕዝብ አስተማማኝና አቅሙ የሚፈቅደውን ቀዶ ሕክምና አያገኝም። በ2030 ለ100,000 ሰው ቢያንስ 20 የቀዶ ሕክምና፣ የማደንዘዣና የማዋለድ ስፔሻሊስቶች እንዲኖሩም ግብ አስቀምጧል። አገራችን ከዚህ ግብ እጅግ ሩቅ ናት። እኔ ግን ከዚሁ ቁጥር ተነሥቼ ወደ ሌላ መደምደሚያ እደርሳለሁ። አንድ ቀዶ ሐኪም ለማፍራት ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል፤ አብዛኛውን ወጪ የሚከፍለውም ይህ ድሃ ሕዝብ ነው። ቀን በላፓሮስኮፒ የደነዘዘው እጅ፣ ሌሊት በአደጋ የተጎዳውን ወጣት ሆድ የሚከፍተው ያው እጅ ነው። ተተኪ የሌለው ሰው የመጠበቅ ቅድሚያ እንጂ የመታገሥ ግዴታ ሊሰጠው አይገባም።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። የጨረታው መግለጫ በተለያየ መጠን የሚመጡ እጀታዎችን ይጠይቅ። ውል ከመፈረሙ በፊት ትልቅም ትንሽም እጅ ያላቸው ተጠቃሚዎች መሣሪያውን ይዘው ይሞክሩት። የስክሪን ማንጠልጠያና ፔዳል የሚቀመጥበት ሰፊ መቆሚያ አገር ውስጥ ባለ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ሊሠራ ይችላል። በቀዶ ሕክምና መካከል የሚወሰድ የአንድ ሁለት ደቂቃ ማፍታቻ ሕመምን እንደሚቀንስና የሥራውን ጊዜ እንደማያስረዝም በ2017 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ ይህ ምንም ዋጋ የለውም። የሕንድ የገጠር ሐኪሞች ከእንግሊዙ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የሆድን ግድግዳ ያለ ጋዝ በብረት ማንሻ የሚያነሣ መሣሪያ ሠርተዋል። የተነሡት በእጃቸው ካለው ነገርና ከጎደላቸው ነገር ነው። እኛስ?

እዚህ ላይ ጣቴን ወደ ራሴ ማዞር ይኖርብኛል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ግፊት፣ ስለ ማንሻና ስለ ብረት ጥንካሬ ሳስተምር፣ አንድም ተማሪ የሚሠራበትን ሰው እጅ ለክቶ እንዲመጣ አዝዤ አላውቅም። በጥቅምት ወር አራት ተማሪዎቼን መለኪያ አስይዤ ወደ ሐኪሟ ላክኋቸው። የሐኪሞቹንና የነርሶቹን እጅ ለክተው ተመለሱ። አሁን እጀታው ላይ የሚገጠም ለስላሳ መደገፊያ እየነደፉ ነው፤ ተቀቅሎ ከጀርም ሊጸዳ የሚችል መሆን ስላለበት ሁለት ጊዜ ከሽፎባቸዋል። ሐኪሟም ለጊዜው ውሳኔያቸውን አቆይተዋል። ሦስተኛው ሙከራ እስኪደርስ ድረስ እጠብቃለሁ ብለውኛል።