አገር ቤት ተቆጥረን ለንደን ላይ ጠፋን

ጂፒ ዘንድ ለመመዝገብ የሚሰጠንን ፎርም ሁላችንም እናውቀዋለን። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ ሞልተን ዘራችንን ወደሚጠይቀው መስመር ስንደርስ እጃችን ይቆማል። ከፊላችን «አፍሪካዊ» የሚለው ላይ ምልክት እናደርጋለን፤ ከፊላችን «ሌላ» እንላለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ባዶውን እንተወዋለን። ውጤቱ ያው ነው፤ በኮምፒዩተሩ ቁጥር ውስጥ ኢትዮጵያዊ የሚባል በሽተኛ ተለይቶ አይታይም። ኤን ኤች ኤስ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው መለያ ከ2001 የሕዝብ ቆጠራ የተወሰደ ሲሆን (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፣ ከሌጎስ የመጣውንም ከሐረር የመጣውንም በአንድ ፊደል ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል።

ጉዳዩ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀለም ባላባከንንበት ነበር። በ2020 ኮሮና ሲገባ የሆነውን እናስታውስ። እንግሊዝ ውስጥ ያን ጊዜ የሞት ምስክር ወረቀት የሟቹን ዘር ይመዘግብ ስላልነበረ፣ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የሟቾችን መዝገብ ከ2011 ቆጠራ ጋር በኮምፒዩተር ማገናኘት ነበረበት። በዚያው ዓመት ግንቦት የወጣው ቁጥር አስደንጋጭ ነበር፤ ዕድሜ ብቻ ሲታሰብ ጥቁሮች በኮሮና የመሞት ዕድላቸው ከነጮች ከ4 እጥፍ ይበልጣል፤ የኑሮና የጤና ልዩነት ከተቀነሰ በኋላም ወደ 1.9 እጥፍ ይጠጋል። ከእነዚያ ሟቾች ስንቱ የኛ ሰው እንደነበረ ግን ያ ቁጥር አይነግረንም። ለቅሶ የደረስነው እናውቃለን፤ መንግሥት አያውቅም።

ይህን ከአገር ቤት ጋር እናነጻጽረው። ትራኮማ ለኛ እንግዳ በሽታ አይደለም፤ በየገጠሩ እናቶችና አያቶች ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ እየነቀሉ የኖሩበት ነው። በ2012 መጨረሻ ከኦሮሚያ ክልል የጀመረ ትልቅ የትራኮማ ካርታ ሥራ ባለሙያዎችን ቤት ለቤት አሰማራ። የሰዉን የዓይን ቆብ እየገለበጡ ያዩትን በወረቀት ሳይሆን በተንቀሳቃሽ ስልክ መዘገቡ። ሥራው በ2016 መጀመሪያ ሲያበቃ በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰው ታይቶ ነበር። ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት ከመቶ 5ቱ ወይም ከዚያ በላይ በሽታው የተገኘባቸው አካባቢ መድኃኒት ይገባዋል፤ ያልተቆጠረ አካባቢ ደግሞ ተራው አይደርስም። ገንዘቡን ባመዛኙ የሰጠው የእንግሊዝ መንግሥት ሲሆን፣ ከተሳተፉት ተቋማት አንዱ እዚሁ ራስል ስኩዌር አጠገብ ያለው የትሮፒካል በሽታዎች ሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ከለንደን ሆኖ የገጠር ሕፃን ዓይን ድረስ ማየት የተቻለበት ዘመን፣ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት የሚርቀውን ኢትዮጵያዊ ስኳርና ደም ግፊት ለይቶ አላየም።

ጥፋቱ የሌላ ብቻ ነው ወይ? አይደለም። ነገር ግን ፎርሙን ባዶ የሚተው ወገናችን ሰነፍ ሆኖ አይደለም። መመዝገብ ምን እንደሚያመጣ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ያየን ሰዎች ነን፤ የቀበሌ መዝገብ ስኳርና ዘይት ማደያ ብቻ ሳይሆን ሰው መልቀሚያም ነበር። ይህም አገር ቢሆን ስጋታችንን እውነት አድርጎታል። በጥር 2017 በጸና ስምምነት ሆም ኦፊስ የሚፈልጋቸውን ስደተኞች አድራሻ ከኤን ኤች ኤስ መዝገብ ይወስድ ነበር። የሕክምና ምስጢር አልተነካም፣ የተሰጠው አድራሻና የመሳሰለው ብቻ ነው ተባለ። አድራሻ «ብቻ»! ለሚሸሽ ሰው ከአድራሻው የበለጠ ምን ምስጢር አለው? ሐኪሞች፣ የስደተኞች መብት ተሟጋቾችና የፓርላማው የጤና ኮሚቴ ከጮኹ በኋላ መንግሥት በግንቦት 2018 አሠራሩን ገታው። በፍርሃት ሐኪም ቤት መሄድ የተወ ሰው ግን በአንድ ማስታወቂያ አይመለስም። እምነቱን ያፈረሰው ወገን መልሶ ሊገነባው ይገባል፤ እኛም ይህን ደጋግመን ልንጠይቅ ይገባል።

እስከዚያው ግን መብታችንን እንወቅ። እንግሊዝ ውስጥ ጂፒ ዘንድ ለመመዝገብ ፓስፖርትም፣ የአድራሻ ማስረጃም፣ የመኖሪያ ፈቃድም ግዴታ አይደለም፤ «ካላመጣህ አንመዘግብህም» የሚል ካለ ተሳስቷል። የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና ወረቀት ላለውም ለሌለውም በነጻ ነው። ለራሱ ሕክምና መመዝገብ እየፈለገ መረጃው ለምርምርና ለዕቅድ እንዳይውል የሚሻም ከ2018 ጀምሮ እምቢ የማለት መብት አለው። እኔ በበኩሌ እምቢ አልልም፤ የሚለውን ግን አልወቅስም።

የማኅበሮቻችን መሪዎችም ለበዓል ዝግጅት የሚያወጡትን ጉልበት ሩቡን ወደዚህ ቢያዞሩት መልካም ነው። የ2021 ቆጠራ «አፍሪካዊ» ከሚለው ሥር አገርን ወይም ብሔርን መጻፊያ ባዶ መስመር ነበረው። ቆጠራው ከቻለ የጂፒው ፎርም የማይችልበት ምክንያት የለም። መስመሩ እስኪመጣ ድረስ «ሌላ» ከሚለው ጎን በእስክሪብቶ «ኢትዮጵያዊ» ብለን እንጻፍ፤ ቋንቋ ሲጠየቅም የምንናገረውን፣ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ፣ እናስመዝግብ። ቋንቋው ኮምፒዩተሩ ላይ ከሰፈረ ለቀጠሮ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቀላል፤ ክፍያም የለበትም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ የእናቱን የማሕፀን ሕመም እንዲያስተረጉም ማድረግ ለልጁም ለእናቱም አይገባም።