ዱልዱም መሮ

የተቀመጡበትን ወንበር እግር እስቲ ዝቅ ብለው ይመልከቱ። ክብ ሆኖ አንገትና ወገብ የተበጀለት ከሆነ በቶርኖ የወጣ ነው። እንጨቱ ይሽከረከራል፤ ሠራተኛው መሮውን ያስጠጋል፤ ቅርጹ ይወጣል። በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ከዚህ የቀለለ ሥራ ያለ አይመስለውም። ለእኔም እንዲሁ መስሎኝ ነበር።

ከትምህርት ሰዓት ውጭ ወደ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት እየሄድኩ ስለማመድ፣ ለበርጩማ እግር የሚሆን ወይራ ተሰጠኝ። መሮው አልቆርጥ ቢለኝ ገፋሁት፤ አሁንም እንቢ ቢል አብልጬ ገፋሁት። የሚወጣው እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ጫፉ እንጨቱ ውስጥ ተቀረቀረና ወይራው ከመያዣው ተፈናጥሮ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ግድግዳውን መታ። ጥቂት ወደ ግራ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ይህን ዐምድ ዛሬ ሌላ ሰው በጻፈው ነበር።

የቤቱ ባለቤት፣ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ፣ መኪናውን አጠፉና እንጨቱን ትተው መሮውን አነሡ። በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «መምህር፣ ይኼ መሮ አይደለም፤ ማንኪያ ነው» አሉኝ።

አፈርኩ። ግፊት ማለት ኀይል ለስፋት ሲካፈል ነው እያልኩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የማስተምረው እኔ ነኝ! የሾለ ስለት ጠባብ ስለ ሆነ ጥቂት ኀይል ይበቃዋል። የዶለዶመው ግን ክንድ ይፈልጋል፤ በሙሉ ክንዱ የሚገፋ ሰው ደግሞ እጁን መቈጣጠር አይችልም። አደጋው ያለው በዱልዱሙ ነው እንጂ በስለታሙ አይደለም።

አሳሳሉን እንዲህ አሳዩኝ። ከስለቱ በታች ያለውን ተዳፋት በቀለም ቀቡት፤ ድንጋዩን በእጅ ቀስ አድርገው እያዞሩ መሮውን አስነኩት። ቀለሙ የለቀቀው ከተዳፋቱ ተረከዝ ብቻ ከሆነ እጀታው ከፍ ይላል፤ ከስለቱ ጫፍ ብቻ ከሆነ ዝቅ ይላል። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር ሲለቅ ማዕዘኑ ተገኘ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ማለስለሻ የሚሆነው ቦያማ መሮ 45 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ቀስ ብሎ ነው፤ መጫን የለም። ካርቦን ያለበት ተራ ዐረብ ብረት ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ጫፉ ሰማያዊ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጥንካሬው ሄዷል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ውኃ ይንከሩት።

አቈራረጡም ተራ አለው። መሮው መጀመሪያ ማሳረፊያው ላይ፣ ቀጥሎ ተረከዙ እንጨቱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ እጀታውን በዝግታ ከፍ ሲያደርጉ ስለቱ ራሱ ይገባል። ፍቅፋቂው እንደ ተጠቀለለ ወረቀት እየተፈተለ ከወጣ ደግ ነው፤ ዱቄት ከሆነ ወደ ድንጋዩ ይመለሱ። መነጽር ያድርጉ። የቢሮ ሰው ከሆኑ ደግሞ፣ እባክዎን፣ ከረባትዎን አውልቀው ይግቡ፤ ቶርኖ ማዕረግ አይለይም።

ያን ዕለት ጋሼ ሌላ እንጨት አልሰጡኝም፤ እስኪመሽ ድረስ መሮ ስስል ዋልኩ። በርጩማዬ እነሆ እስከ ዛሬ በሁለት እግሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሦስተኛውን ለቅዳሜ ቀጥረውኛል።