መርዶው ለልጆችም ይነገር

ዛሬ ስለ ጉንፋን ወይም ስለ ክትባት አልጽፍም። ስለ ቆሼ፣ በተለይም ስለ ቆሼ ልጆች ልጽፍላችሁ ነው።

ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት፣ እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ለ50 ዓመታት ያህል የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረው የቆሼ ክምር ተንዶ ሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አስከሬን ፍለጋው ቀናት ፈጀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሦስቱ ቀናት አለፉ፣ የለቅሶው ድንኳንም ተነሣ። ከዚያም ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የ11 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) ልጁ ሆዱን ያመዋል፣ ትምህርት ቤት መሄድም አይፈልግም። የሰገራ ምርመራ አዘዝኩ፤ ምንም የለም። ሲመለሱ የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ አዘዝኩ፤ እሱም ነፃ ሆነ። በሦስተኛው ቀጠሮ ነው «መቼ መቼ ነው የሚብስህ?» ብዬ የጠየቅኩት። «ትልልቅ ማሽኖች መሬት ሲቆፍሩ ስሰማ» አለኝ።

እናትየው ልጁን ውጭ አስቀምጠው ነገሩኝ። ባለቤታቸውና ትንሿ ልጃቸው ቆሼ ላይ ነው የሞቱት። ልጁ ያኔ 4 ዓመቱ ነበር፤ «አባትህ እህትህን ይዞ ክፍለ ሀገር ሄዷል» ተባለ። እውነቱን በ7 ዓመቱ ከሰፈር ልጆች ሰማ። እናቱን ግን እንዳታለቅስ ብሎ አልጠየቃትም። እሷም እንዳያዝን ብላ አልነገረችውም። እናትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር እየተደባበቁ ሲያለቅሱ ኖሩ።

እኔ የባህላችንን መርዶ አከብራለሁ። ዘመድና ሽማግሌ ተሰባስቦ፣ በማለዳ፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ ይነግራል። ከዚያ ዕድሩ አለ፣ ቡናው አለ፣ አብሮ የሚያድር ጎረቤት አለ። ከዚህ የተሻለ መድኃኒት ለሐዘን እኔም የለኝም። ችግሩ ልጆችን ከዚህ ማስወጣታችን ነው። «ልጅ ምን ያውቃል» ብለን ጎረቤት ቤት እንልካቸዋለን።

ልጅ ግን ያውቃል። የቤቱን ዝምታ ያያል፤ የማያውቀውን ደግሞ በራሱ ይሞላዋል። ብዙ ልጆች «እኔ ስላጠፋሁ ነው የሄደው» ብለው ያስባሉ። «ተኝቷል» የተባለ ልጅ መተኛት ሊፈራ ይችላል፤ «መንገድ ሄዷል» የተባለ ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር ይጠብቃል።

«ብነግረው ይረበሻል» የምትሉኝ ወላጆች አላችሁ። አዎ፣ ያለቅሳል። ማልቀስ ግን በሽታ አይደለም።

እንዴት ይነገር? ልጁ የሚወደውና የሚያምነው ሰው፣ ረጋ ባለ ቦታ አቅፎ፣ በአጭር ቃል ይንገረው፦ «አባትህ ሞቷል። ከእንግዲህ አይመለስም። የአንተ ጥፋት አይደለም። እኔ አብሬህ ነኝ።» የሞት አኳኋን ዝርዝር አያስፈልገውም፤ የጠየቀውን ብቻ መልሱለት። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት መመለሻ እንደሌለው ቶሎ ስለማይገባቸው ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ ደጋግማችሁ መልሱ። እናንተም ብታለቅሱ አትደበቁ። ወንዱን ልጅ «ወንድ አያለቅስም» አትበሉት።

እነዚህን ካያችሁ ወደ ሐኪም ኑ፦
• ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ከጀመረ
• ምርመራ ምክንያቱን ያላገኘለት የሆድ ወይም የራስ ምታት ካለው
• ቅዠት፣ ድንጋጤ ወይም ቁጣ ከበዛበት
• ትምህርቱ በድንገት ከወደቀ

ለአዋቂዎችም እላለሁ። ሣልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ የሚቆጠሩት ሐዘን ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። መንፈቅ አልፎም ሐዘኑ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ሆኖ ከሥራና ከሰው ከለያችሁ፣ ወይም በመጠጥ ካልሆነ እንቅልፍ ካልመጣ፣ ይህ የሚታከም ሕመም ነው። «በሞትኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሩ፤ ያኑኑ ኑ። በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ካስፈለገ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ትላካላችሁ። አማኑኤል መሄድ ማበድ አይደለም። ጸበሉን፣ ጸሎቱንና ዱዓውንም አታቋርጡ፤ ከሕክምናው ጋር አይጣሉም።

ያች እናት ለልጃቸው ነገሩት። ሆዱ በአንድ ቀን አልዳነም፤ አሁንም አንዳንዴ ያመዋል። ዘንድሮ ግን ወደ መቃብሩ የሚሄዱት አብረው ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ ሆዱን ያመመው ልጅ ሲመጣ፣ የሰገራ ምርመራ ከማዘዜ በፊት «ቤት ውስጥ ያዘናችሁበት ነገር አለ?» እላለሁ።

እናንተም ቤት ያልተነገረ መርዶ ካለ፣ ዘገየ ብላችሁ አትተዉት። የሟቾችን ነፍስ ይማር፤ ለቀሩት መጽናናትን ይስጥልን።